የእትዬ የዝና ግድግዳ

ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደሆነ የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ይልከኛል፤ ሌላው ደግሞ "ፎቶግራፉ እርስዎን አይመስልም" ይለኛል። ያረጀሁት እኔ፣ ፎቶግራፉ ምን አደረገ! ወረፋ ላይ ቆሜ ጉልበቴን እያሸሁ የማስበው ግን ይህን ነው፦ በእኛ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። መንግሥት ከነባልዲው፣ ከነመድኃኒቱ በእኔ ጀርባ ታዝሎ ወደ ገበሬው ቤት ይሄድ ነበር። ገበሬው ካልፈቀደለት ደግሞ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ይህን ለመስኮቷ ልጅ ብጀምርላት "አባባ፣ ከኋላ ሰው አለ" ትለኛለች። ልጅቱም እውነቷን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

እኔ የወባ ሠራተኛ ነበርሁ። የተቀጠርሁት ቡሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርሁ፤ በኋላም ደምበጫ፣ መጨረሻ ላይ ጉልበቴ እምቢ ሲል መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ጨረስሁ። ደመወዙ ሰውን በቁሙ ለማኖር እንጂ ለማወፈር የሚበቃ አልነበረም፤ ስለሱ ይህን ካልሁ ይበቃል። የምጽፈው ስለ ስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ። ገበሬው ከሩቅ ሲያየን "ወባዎቹ መጡ!" ይል ነበር። በሽታውን ልናጠፋ ሄደን የበሽታው ስም ለኛ ቀረ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ነጩን ዱቄት በባልዲ ውኃ ትበጠብጣለህ፣ በጨርቅ አጥልለህ መርጫው ውስጥ ትሞላለህ፣ አየሩን በእጅህ ገፍተህ ገፍተህ ታጠብቀዋለህ፣ ትከሻህ ላይ ታንጠለጥለዋለህ። ከዚያ ከጣራው ሥር ጀምረህ ወደ ታች፣ እንደገና ከላይ ጀምረህ ወደ ታች። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ከፈጠንህ መድኃኒቱ ይሳሳል፤ ከዘገየህ በግድግዳው ላይ ይወርድና መሬት ይጠጣዋል። የቡድናችን አለቃ ጋሼ አንለይ ልኩን ሲያስተምሩኝ "ስትረጭ አቡነ ዘበሰማያትን በልብህ በል፤ እሱ አያስቸኩልም፣ አያዘገይምም" አሉኝ። የቡሬው ነጋዴ ልጅ ሰይድ ከእኛ ጋር ይሠራ ነበርና እሱ ደግሞ የራሱን ፋቲሓ ይላል። ሁለታችንም ግድግዳችንን እኩል እንጨርስ ነበር፤ ጋሼ አንለይ ይህን ሲያዩ ከልባቸው ይስቁ ነበር።

ጋሼ አንለይ የኮሶበርን ዝናብና የብር ወንዝን ሐሩር በአንድ ኮፍያ የቻሉ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን ወደ መሬት የሚጥሉ ሰው ነበሩ። ሕጉ ለመርጨት ማንንም ቤት እንድንገባ ይፈቅድልን ነበር። እርሳቸው ግን አጥሩ ጋ ቆመው "ቤቶች!" ይላሉ፤ ከውስጥ ሰው ወጥቶ "ግቡ" እስኪል አንዲት እርምጃ አይራመዱም። ዝናብ ቢወርድም አይራመዱም። ሲገቡ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ከዚያ የቤቱን ዕቃ በገዛ እጃቸው ያወጣሉ። እንስራውን፣ ስልቻውን፣ ሰፌዱን፣ የአልጋውን ቁርበት ሁሉ አውጥተው ጥላ ሥር ይደረድሩታል፤ ረጭተን ስንጨርስ እያንዳንዱን ወደ ቦታው ይመልሱታል። አንድ ቀን እኔ እንስራውን ከምሰሶው በስተግራ ሳስቀምጥ አይተው ጠሩኝ።

"ይህ የት ነበር?" አሉኝ።

"በስተቀኝ መሰለኝ።"

"መሰለኝ አይባልም። ሴትዮዋ በጨለማ እጇን ሰድዳ እንስራዋን ስታጣው ምን የምትል ይመስልሃል? መንግሥት ቤቴን በርብሮ ሄደ ነው የምትል።"

ከዚያ ወዲህ የሰው እንስራ ተሳስቼ አላውቅም።

በዚያ ዘመን የመንግሥትን ነገር ወደ ሕዝብ የሚያደርሰው የገበያ አዋጅ ነጋሪ ነበር። ከበላይ ማስታወቂያ ይመጣል፤ አዋጅ ነጋሪው ገበያው መካከል፣ ጌሾውና በርበሬው በሚሸጥበት፣ ጮክ ብሎ ያነብበዋል። "የቤት ባለቤቶች ሁሉ ከርጭቱ በኋላ ግድግዳቸውን ከመለሰን እንዲቆጠቡ በጥብቅ እናሳስባለን።" ገበሬው ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት ይሰማል፤ ከዚያ ዞሮ ጎረቤቱን "ምን አለ?" ይለዋል። ጎረቤቱም "ግብር ነው መሰለኝ" ይለዋል። መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚባልበት ጊዜ ነበርና ወረቀት ሁሉ ግብር ነበር። እኛም ቤት ረጭተን ስንወጣ መቃኑ ላይ ቁጥር እንጽፍ ስለነበር አንድ ሽማግሌ "ዛሬ በሩን ከቆጠራችሁ ነገ በሬውን ትቆጥራላችሁ" ብለውናል። ስለዚህ ጋሼ አንለይ ማስታወቂያውን ለገበያ ብቻ አይተዉትም። "የሰማ ሰው ለማግኘት በየደጁ መናገር ነው" ብለው እኔን በየቤቱ ይልኩኛል። እኔም በየደጁ ቆሜ በእኛው አማርኛ "ከረጨን በኋላ እንዳትመርጉት፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይሸፍነዋል" እያልሁ እዞር ነበር።

እትዬ የዝናን ያወቅኋት እንዲህ ስዞር ነው። ቤቷ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቆላው ወርዶ፣ ከብር ወንዝ ዳር ባለ አጥቢያ ነው። የአጥቢያውን ስም አልጠራም፤ ዘመዶቿ አሁንም እዚያው አሉ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ልጆች በንዳድ ቀብራለች፤ እዚያ አገር ወባን ንዳድ ነው የሚሉት። የቀረቻት ትርንጎ የምትባል ትንሽ ልጅ ስትሆን፣ እኛ በሰኔ ልንረጭ ስንሄድ ደግሞ ሌላ አርግዛ ከብዳ ነበር። ዕቃውን ስናወጣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ልታግዘን ትሞክራለች፤ ጋሼ አንለይ "እኅቴ፣ ተቀመጪ፤ ዛሬ እኛ ነን የቤትሽ ሙያተኞች" አሏት። ሳቀች። ረጭተን ስንጨርስ እኔ ደጇ ላይ ቆሜ "እትዬ የዝና፣ ግድግዳውን እንዳትመርጊው እሺ?" አልኋት።

"እሺ ወንድሜ፣ እሺ" አለችኝ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። የጎጃም እሺ ግን እንግዳን ማክበሪያ ነው። ሰው ደክሞ ደጅህ ድረስ መጥቶ ሲነግርህ እንዴት እምቢ ይባላል? "እሺ" ብሎ መሸኘት ወግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ይህን አውቃለሁ፤ ግን ከእሺ በላይ ምን ይጠየቃል።

በነሐሴ ወንድ ልጅ ወለደች። በመስከረም ማለቂያ የክርስትናው ቀን ደረሰ። ሁለት ልጅ ቀብራ ወንድ ልጅ ያገኘች ሴት፣ ካህናቱና የክርስትና አባቱ የሚገቡበት፣ ዘመድ ከቋሪት ድረስ የሚመጣበት ቤት፣ ግድግዳው በመድኃኒት ዝንጉርጉር ብሎ እንግዳ ልትቀበል ነው? አገር ምን ይላታል? ጭቃውን ረግጣ፣ እበቱን ለውሳ፣ በላዩም ነጭ አፈር አዙራ፣ ከምሰሶው እስከ በሩ በገዛ እጇ መረገችው። ክርስትናውም ያማረ ነበር አሉ።

በኅዳር ሕፃኑን ንዳድ ያዘው። ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ይዘውት ሲመጡ መንገድ ላይ ሞተ።

ጋሼ አንለይና እኔ ለቅሶ ልንደርስ ወረድን። ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል፤ እትዬ የዝና መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ትርንጎ ጭኗ ላይ ተኝታለች። እኔ ግድግዳውን አየሁት። እንዴት ያለ ምርጊት መሰላችሁ! የጣቶቿ መስመር እንደ ማዕበል እየተጣጠፈ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። መድኃኒታችን ከዚያ ሥር ተቀብሮ እንደቀረ ለማወቅ አንድ እይታ በቃኝ። አፌን ስከፍት የጋሼ አንለይ እጅ ጉልበቴን ጨምድዶ ያዘው። "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ብለን ወጣን።

መንገድ ላይ አላስችል ብሎኝ "እውነቱን አንነግራትም?" አልኋቸው።

"ምን ብለህ ትነግራታለህ? 'ልጅሽን ለክርስትናው ባስዋብሽው ቤት ገደልሽው' ትላታለህ?"

"ካልነገርናትስ? ከርሞም ትመርገዋለች። ትርንጎስ?"

ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ብዙ ሄዱ። በኋላ ቆም አሉና "ለልጅቱ ሲባል መነገር አለበት። ለናቲቱ ሲባል መነገር የለበትም። እኔ እንግዲህ ምን ላድርግ?" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር እኔን ይጠይቁኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ክረምት ሲቃረብ ነገሩ ባሰ። "የተረጨ ቤት ልጅ ሞቷል፤ መድኃኒታቸው ውሸት ነው፤ እነሱ የሚፈልጉት ቁጥሩን መጻፍ ነው" የሚል ወሬ በአጥቢያው ተነዛ። አጥሮች ተዘጉብን። "ቤቶች!" ብንል መልስ የለም። በግንቦት፣ በወሩ የማርያም ቀን፣ ጋሼ አንለይ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሕዝቡን ለማናገር ቆሙ። እኔ ከጎናቸው ነኝ። እትዬ የዝና ጥቁሯን ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆማለች፤ ትርንጎ ቀሚሷን ይዛለች። ጋሼ አንለይ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ወገኖቼ፣ ንዳድን የምታመጣው ትንኝ ናት። ደም ጠጥታ ስትጠግብ፣ እንደ በላ ሰው ግድግዳው ላይ ጋደም ትላለች። መድኃኒቱ እዚያ ይጠብቃታል። ከረጨን በኋላ ግድግዳው ከተመረገ ግን መድኃኒቱ ከጭቃው ሥር ይቀራል፤ አይሠራም። አምና ይህን ልንነግራችሁ ይገባን ነበር፤ አልነገርናችሁም። አለቃው እኔ ነኝ፤ የረሳሁትም እኔ ነኝ። እናንተ አላጠፋችሁም። የመረገ ሰው ቤቱን አከበረ እንጂ ምን አጠፋ? ዘንድሮ እኛ ሳንመጣ አስቀድማችሁ ምረጉ፤ ሲደርቅ እንመጣለን።"

እኔ ጆሮዬን አላመንሁም። በየደጁ የዞርሁት፣ ጫማዬ የተበላው፣ ውሻ የነከሰኝ ለምን ነበር? አንድ አዛውንት በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና "ኧረ ይህ ልጅ እኮ ነግሮን ነበር" አሉ። ጋሼ አንለይ ቶሎ ብለው "አይ አባቴ፣ ከሌላ ቀን ጋር ተምታቶብዎት ነው" አሏቸው። አዛውንቱ አስበው አስበው "እርጅና ነው" ብለው ተቀመጡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ተናድጄ ነበር፤ ደግሞም ልቤ በእኒህ ሰው ፍቅር ተሞልቶ ነበር፤ ሁለቱን እንዴት እንደማስታርቃቸው አላውቅም።

በማግስቱ አጥቢያው ሁሉ እበት እበት ሸተተ። ሴቶቹ ጭቃ ይረግጣሉ፣ ወንዶቹ ውኃ ያመላልሳሉ። ሰኔ ሲገባ ከቤት ቤት "ግቡ፣ ግቡ!" እየተባልን ረጨን። የተዘጋ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የእትዬ የዝና። ጋሼ አንለይ አጥሯ ጋ ቆመው "ቤቶች!" አሉ። መልስ የለም። በማግስቱም ሄዱ፤ በሦስተኛውም ቀን ሄዱ። ባሏ ስንሻው ከማሳ ሲመለስ አግኝቶን "አትወጣም፤ እኔንም አታናግረኝ" አለን። ንዳድ የሚነሣበት ወር እየቀረበ ነው፤ ትርንጎ እዚያ ቤት ውስጥ ነው የምትተኛው። ጋሼ አንለይ ያን ሰሞን እህል አይበሉም ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ መጥሪያ መጣ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተናገሩት ነገር ከአፍ ወደ አፍ ተላልፎ ፍኖተ ሰላም ደርሷል፤ "የቡድኑ መሪ ለሕዝቡ ባለመናገሩ ሕፃን መሞቱን በራሱ አንደበት አምኗል" ተብሎ ለበላይ ሊጻፍ ነው። ይህ ከተጻፈ ሥራቸው አለቀ። ሁለታችንን የጠራን የወባ መሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ሹም ወጣት ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን የሰማውን አልሰማሁም ሊል አይችልም።

"አቶ አንለይ፣ በእርግጥ አልነገራችኋቸውም?" አላቸው።

"አልነገርናቸውም፣ ጌታዬ።"

"የዚህን ያህል ዓመት ሠርተው ይህን እንዴት ይረሳሉ?"

"ሰው ይረሳል።"

ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ አንለይ እንዳልናገር ጭንቅላታቸውን በቀስታ ነቀነቁብኝ። ገና ምን እንደምል ሳላውቅ በሩ ተንኳኳና ዘበኛው "አንዲት ሴት አልመለስም ብላኛለች" አለ። ከኋላው እትዬ የዝና ገባች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ነጠላዋን አመቻችታ እጅ ነሣች።

"የዝና እባላለሁ፤ ከብር ወንዝ ዳር ነው የመጣሁ" አለች። "እኒህ ሰው አልነገሩም ተብለው ነው አሉ የሚከሰሱ። ነግረውኛል። ይህ ወንድሜ ደጄ ላይ ቆሞ እንዳትመርጊው ብሎኛል። እሺ ብየዋለሁ። ከዚያ መረግሁት።"

ጋሼ አንለይ ተነሡ። "ጌታዬ፣ እናት ናት፤ ኀዘን ላይ ናት፤ የምትለውን አይያዙባት።"

"ኀዘኔ ልቡናዬን አልወሰደውም፣ ጋሼ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ተናገር ወንድሜ። በኔ ምክንያት የሰው እንጀራ አይቆረጥ።"

"ነግሬያታለሁ" አልሁ። "በየቤቱ ነግሬያለሁ። የላኩኝ እርሳቸው ናቸው።"

ሹሙ ብዕሩን ከደነና "እንግዲያስ የሚጻፍ ነገር የለም" አለ።

ጋሼ አንለይ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ያሻሹታል። "ነገሩ ከምርጊቱ እንደመጣ ማን ነገረሽ?" አሏት።

"እርሰዎ ነዎት። የነገራችሁኝንማ ረስቼው ነበር። ያን ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ 'የረሳሁት እኔ ነኝ' ሲሉ ይህ ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ቤቴ ገብቼ ዘጋሁት። እስከዚህ ሰሞን ግድግዳውን ማየትም፣ ማፍረስም አልቻልሁ።"

"እንዳትሰሚው ብዬ ነበር፣ እኅቴ።"

"አውቃለሁ። ሰማሁት። ግን ለብቻዬ አልሰማሁትም፤ እርሰዎ በአገሩ ሁሉ ፊት አብረውኝ ቆመው ነበር።"

ጋሼ አንለይ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። እኔም ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። እትዬ የዝና እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ልትወጣ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ መለስ አለች።

"ትርንጎን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁ" አለች። "አሮጌውን ምርጊት አውርጄ እንደ አዲስ መርጌዋለሁ። ትናንት ደርቋል። መቼ ነው የምትመጡ?"